የማዕድን ተፅዕኖ ጥናት ከቁፋሮ በፊት መነሻ መረጃ ሊኖረው ይገባል

የማዕድን ልማት ለአገር የውጭ ምንዛሪ፣ ለመንግሥት ገቢ፣ ለዜጎችም የሥራ ዕድል ያስገኛል። ይሁንና በመሬት፣ በውኃና በአካባቢው ህዝብ ላይ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት አስቀድሞ ካልተጠና የሚገኘው ጥቅም ከሚያስከትለው ጉዳት ሊያንስ ይችላል። በመሆኑም የአካባቢና የማህበራዊ ተፅዕኖ ጥናት ለፈቃድ ማሟያ ብቻ የሚቀርብ ሰነድ ሳይሆን ራሱን የቻለ የምርምር ሥራ ተደርጎ መወሰድ ይኖርበታል።

ለዚህም በኦሮሚያ ክልል ጉጂ ዞን በሻኪሶ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ተጠቃሽ ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች ህፃናት የአካል ጉዳት ይዘው እንደሚወለዱ፣ ራሳቸውም ለጤና እክል እንደተዳረጉና ከብቶቻቸው እንደሚሞቱባቸው አቤቱታ ሲያሰሙ ቆይተዋል። የማዕድኑ ፈቃድ መታደስ ያስነሳውን ተቃውሞ ተከትሎም መንግሥት በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሥራው እንዲታገድ ወስኗል። የጤናና የአካባቢ ጥናቶች የተካሄዱ ሲሆን፣ ማዕድኑ በ2013 ዓ.ም. ዳግም ሥራ ጀምሯል።

ጉዳት ደረሰ ከተባለ በኋላ የሚካሄድ ጥናት ግን መሠረታዊ ችግር ይገጥመዋል። በትላልቅ የወርቅ ማዕድናት ዓለቱ ተፈጭቶ ወርቁ በሳያናይድ አማካይነት ይለያል፤ ቀሪው ዝቃጭም በግድብ ይጠራቀማል። ግድቡ ካፈሰሰ ኬሚካሉ ወደ ወንዝና ጉድጓድ ይደርሳል። ድኝ ያዘለ ዓለትም ለአየርና ለውኃ ሲጋለጥ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ደግሞ መርዛማ ብረቶችን እያሟሟ ያወርዳል።

በሌላ በኩል አርሰኒክ ወርቅ አዘል በሆነ ዓለት ውስጥ በተፈጥሮ ሊገኝ ይችላል። በባህላዊ መንገድ ወርቅ በሚወጣባቸው ሥፍራዎች ሜርኩሪ ጥቅም ላይ የሚውልበት ሁኔታም አለ። በመሆኑም ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ አርሰኒክ ወይም ሜርኩሪ ቢገኝ፣ ከቁፋሮው በፊት የተወሰደ ልኬት ከሌለ ምንጩን ለመለየት ያዳግታል። ተጎጂው ካሳ ለመጠየቅ፣ ኩባንያው ራሱን ለመከላከል፣ መንግሥትም ለመወሰን ይቸገራሉ።

ያም ሆኖ የመነሻ መረጃ አለመኖር ጉዳትን ለመካድ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ከማዕድኑ በላይና በታች ያለውን የወንዝ ውኃ በማነጻጸር እንዲሁም የነዋሪዎችን ደምና ሽንት በመመርመር ብዙ ማወቅ ይቻላል። ይህ ግን አስቀድሞ መመዝገብ የሚገባውን ሙሉ በሙሉ አይተካም።

የተሟላ መነሻ ጥናት የወንዞችንና የጉድጓዶችን ውኃ በበጋም በክረምትም ይለካል። የአፈርና የአየር ናሙና ይወስዳል፤ የወሊድና የበሽታ መረጃ ከጤና ተቋማት ያሰባስባል። በማህበራዊ ረገድም የቤተሰብ ብዛትን፣ የእርሻና የግጦሽ መሬትን፣ የከብት ብዛትን፣ የመቃብርና የአምልኮ ሥፍራዎችን ይመዘግባል። አንድ አርብቶ አደር የሚያጣው የግጦሽ መሬት ካልተመዘገበ ካሳው በግምት ይወሰናል።

የህግ መሠረቱም ተጥሏል። የኢትዮጵያ ህገ መንግሥት አንቀጽ 44 ዜጎች ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ አንቀጽ 92 የሚመለከተው ህዝብ ሀሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የተፅዕኖ ግምገማ ሪፖርት ለህዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ ባለፈቃዱ አካባቢውን መልሶ ለማቋቋም ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል።

በመሆኑም ሪፖርት የሚመረምር ባለሙያ ልኬቱ ከቁፋሮ በፊት መወሰዱን፣ ክትትሉ በተመሳሳይ ቦታና ዘዴ መቀጠሉን፣ ውጤቱም ነዋሪው በሚረዳው ቋንቋ መገለጹን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ውጤቱ ከተሸሸገ ጥናቱ በትክክል የተሠራ ቢሆን እንኳ አመኔታ አያተርፍም፤ ውኃውን የሚጠጣው ህዝብ በውስጡ ያለውን የማወቅ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባልና።