እይና ሞክር፦ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች በቪዲዮ ማስተማር

እስቲ አንድ ቤት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ምሳ ቀርቧል። ሁሉም እጁን ታጥቦ ገበታው ዙሪያ ተቀምጧል። ኦቲዝም ያለበት የስድስት ዓመት ልጅ ግን ቧንቧው ፊት ቆሟል። እናቱ «ውሃውን ክፈት፣ እጅህን አርጥብ፣ ሳሙናውን አንሳ» ትለዋለች። ቃላቱ ይበዙበታል፤ ይጨነቃል። በመጨረሻ እሷው ታጥብለታለች። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ።

ይኸው ልጅ የሚወደውን ቪዲዮ ደጋግሞ አይቶ፣ ንግግሩንና እንቅስቃሴውን ሳያዛንፍ ይደግማል። ታዲያ ቪዲዮው ስለ እጅ መታጠብ ቢሆንስ?

ነገሩ ምንድን ነው?

ዘዴው «ቪዲዮ ሞዴሊንግ» ይባላል። አንድ ሰው አንድን ነገር በትክክል ሲሠራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይቀረጻል። ልጁ ቪዲዮውን ያያል፤ ከዚያም ወዲያው ራሱ ይሞክራል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ ከባልደረቦቹ ጋር በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ልጆች በፊልም ያዩትን እንደሚኮርጁ አሳይቷል። በፊልሙ ላይ ትልልቅ ሰዎች አሻንጉሊት ይደበድቡ ነበር፤ ልጆቹም እንደዚያው አደረጉ። መጥፎውን ከፊልም መማር ከተቻለ፣ ጥሩውንም መማር ይቻላል ማለት ነው።

በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸውን አምስት ልጆች ተመለከተ። አንዳንዱን ሥራ ሰው ፊታቸው ሆኖ አሳያቸው፤ ሌላውን ከቪዲዮ አዩ። በአብዛኛው ከቪዲዮ ያዩትን ቶሎ ተማሩ።

ለምን ይረዳል?

ሰው ሲያስተምር ድምፁ ይለዋወጣል፤ ይደክመዋል፤ ይቆጣል። ቪዲዮ ግን አሥር ጊዜ ቢታይ አሥሩንም ጊዜ አንድ ነው። ደግሞም ካሜራው የሚያሳየው ዋናውን ነገር ብቻ ነው፤ በዙሪያው ያለው ግርግር አይታይም። በጆሮ ከሚሰማው ይልቅ በዓይን የሚያየው ለሚቀለው ልጅ ይህ ትልቅ እረፍት ነው።

አራት ዓይነት አሠራር

• ሌላ ሰው የሚሠራበት፦ ወንድም፣ እህት ወይም ወላጅ ሠርቶ ያሳያል።
• ልጁ ራሱ የሚታይበት፦ ልጁ በእርዳታ ሲሠራ ይቀረጻል። ከዚያ የረዳው ሰው የሚታይበት ክፍል ይቆረጣል። ልጁ ራሱን ሲሳካለት ያያል።
• በልጁ ዓይን የሚቀረጽ፦ የሚታዩት የሚሠሩት እጆች ብቻ ናቸው።
• ደረጃ በደረጃ የሚታይ፦ ልጁ አንዱን ደረጃ አይቶ ይሠራል፤ ከዚያ ቀጣዩን ያያል። ይህ ለረጅም ሥራ ይመቻል።

በቤት ውስጥ እንዴት እንጀምር?

1. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ እጅ መታጠብ።
2. ደረጃዎቹን ጻፉ፦ ቧንቧ መክፈት፣ እጅ ማርጠብ፣ ሳሙና መውሰድ፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ በፎጣ ማድረቅ።
3. በስልክ ቅረጹ። ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ። ሙዚቃ አትጨምሩ፤ ንግግሩም ትንሽ ይሁን። ልጁ የሚጠቀምበት ቧንቧና ሳሙና ይታይ።
4. እጅ መታጠቢያው ሰዓት ሲደርስ፣ እዚያው ቧንቧው አጠገብ አሳዩት። ወዲያው ይሞክር።
5. የሠራውን አመስግኑ። በየቀኑ ስንት ደረጃ ብቻውን እንደሠራ ምልክት አድርጉ።
6. ሲለምደው ቪዲዮውን ቀስ በቀስ ቀንሱ።

ብዙ ቀን ተሞክሮ ለውጥ ከሌለ ጥፋቱን በልጁ ላይ አታድርጉ። ምናልባት ቪዲዮው ረዝሞ ይሆናል፤ ወይም አንዱ ደረጃ ከብዶት ይሆናል። እሱን አስተካክላችሁ እንደገና ሞክሩ። ስክሪን ለጥቂት ጊዜ ማየት ወይም ሌላውን መኮረጅ ገና ለሚያስቸግረው ልጅ ግን መጀመሪያ ባለሙያ ማማከር ይሻላል።

በየትኛው ቋንቋ?

ከኢትዮጵያ ውጭ በሚኖር ቤተሰብ ይህ ጥያቄ አይቀርም። መልሱ ቀላል ነው፦ ነገሩ በሚደረግበት ቋንቋ። ለትምህርት ቤት የሚሆነውን በትምህርት ቤቱ ቋንቋ፣ ለአያት የሚሆነውን በአማርኛ።

እንግዳ መጥቶ ልጁ ሰላም ሳይል ሲያልፍ «ባለጌ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እናት ትሸማቀቃለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ልጁን ሌላ ክፍል ታስቀምጠዋለች። ልጁን ከመደበቅ አንድ አጭር ቪዲዮ መሥራት ይሻላል። ታላቅ እህቱ በር ከፍታ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ፣ አያቴ» ትበል። መሳም የማይወድ ልጅ መሳም የለበትም፤ እንዲህም ሰላምታ ይሆናል። አያትም አስቀድማ ይነገራት።

እዚህ ላይ ታላቅ እህትና ወንድም የሆናችሁ አንባቢዎች ትልቅ ድርሻ አላችሁ። ስልኩን አያያዝ ታውቃላችሁ፤ ልጁም ያውቃችኋል። አማርኛችሁ ባይሟላም አይጨንቃችሁ። ለአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሦስት ቃል ይበቃል። እናንተም አብራችሁ ትለማመዳላችሁ።

እንጠንቀቅ

ቪዲዮ ኦቲዝምን አያድንም፤ የንግግር ባለሙያንም ሆነ አስተማሪን አይተካም። የምንመርጠው ትምህርትም ልጁን የሚጠቅም ይሁን፤ ሌላውን ሰው ደስ ለማሰኘት ብቻ አይሁን። የልጁን ቪዲዮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ። ቪዲዮው የእሱ መማሪያ ነው።

አሁን ወደዚያ ቧንቧ እንመለስ። ልጁ ዛሬ ሰባቱንም ደረጃ አይሠራ ይሆናል። ቧንቧውን ከፍቶ እጁን ካረጠበ፣ ትናንት እናቱ የሠራችለትን ሁለት ነገር ዛሬ ራሱ ሠራ። ነገ ሦስተኛውን ይሞክራል።