«ኔትወርክ የለም»፦ ስለ ቤት መረብ ብልሽቶች ስያሜ

«ኔትወርክ የለም» የሚለው ሐረግ ዛሬ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የማይሸከመው ትርጉም የለም። ገመድ ቢነቀል፣ ራውተር ቢጠፋ፣ የአንድ ድረ ገጽ ስም ባይገኝ፣ ቤት ውስጥ በተተከለ ሰርቨር ላይ ያለ አገልግሎት ቢቆም፣ ሁሉም በዚሁ ይገለጻል። ለዕለት ንግግር ይበቃ ይሆናል፤ ለተርጓሚው ግን አይበቃም። የመረብ ብልሽት የሚገኘው አንዱን ምክንያት ከሌላው እየለዩ በማጣራት ነው፤ ማጣራት የሚቻለውም እያንዳንዱ ብልሽት የየራሱ ስም ሲኖረው ነው።

አንድ ሰው በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ጄሊፊን የተባለውን የፊልምና የሙዚቃ ማሳያ ፕሮግራም ተክሎ፣ በሌላ ክፍል ካለ ኮምፒዩተር ሊከፍተው ፈለገ እንበል። ባይከፈትለት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት መልእክቶች አንዱን ያነባል። የመጀመሪያው የተጠራው ስም ወደ ቁጥር አድራሻ አልተለወጠም የሚል ነው፤ ጥፋቱ ከስም መዝገቡ፣ ማለትም ከዲኤንኤስ በኩል ነው። ሁለተኛው ጥሪው ደርሶ ተቀባይነት አጣ ይላል፤ እንግዲህ ገመዱ ደኅና ነው፣ ያ ኮምፒዩተርም በርቷል፤ ብዙውን ጊዜ የቆመው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ሦስተኛው ምንም መልስ ሳይመጣ የመጠበቂያው ጊዜ አለቀ ይላል፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ወይም አድራሻው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል።

ሦስቱም «መገናኘት አልተቻለም» ተብለው ሲተረጐሙ ምን ይሆናል? ፕሮግራሙን ማስነሣት የነበረበት ሰው ራውተሩን እየነቀለ ይሰካል። መልእክቱን በስልክ ሰምቶ ሊረዳው የፈለገ ዘመድም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን መረጃውን አጥፍቷል።

ለመጀመሪያው «ስሙ አልተፈታም» የሚለውን እናቀርባለን። ሕልም ይፈታል፣ ቅኔም ይፈታል፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም «ፍቺ» የሚለው ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ይሁን እንጂ «የስም ፍቺ» ቢባል አንባቢው ትዳር የፈረሰ ሊመስለው ስለሚችል፣ ሥራውን የሚያከናውነውን ክፍል «ስም ፈቺ» ማለቱ ይመረጣል። ለሁለተኛው «ጥሪው ውድቅ ሆነ»፣ ለሦስተኛው «መልስ ሳይመጣ ጊዜው አለፈ» ይስማማሉ። «ውድቅ» የፍርድ ቤት ቃል ነው፤ አቤቱታ ውድቅ የሚሆነው የሚያየው ዳኛ ሲኖር ነውና፣ ጥሪው ከአንድ ስፍራ መድረሱን ራሱ ቃሉ ይናገራል።

በጄሊፊን ምሳሌ ፕሮግራሙ በተለምዶ ጥሪ የሚቀበልበት ቁጥር 8096 ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር እንግሊዝኛው «ፖርት» ሲለው፣ አንዳንድ ተርጓሚ «ወደብ» ብሎታል። ይህ በድምፅ አንድ የሆኑ ሁለት ቃላትን ማደባለቅ ነው፤ በኮምፒዩተር ሙያ የገባው የመርከብ ማረፊያው ሳይሆን ከላቲኑ «ፖርታ»፣ ማለትም ከበር የመጣው ነው። «በር 8096 ተዘግቷል» ቢባል አማርኛው ራሱን ችሎ ይሄዳል።

የቃል በቃል ትርጉም አደጋ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በ«ሰርቨር» ላይ ነው። «አገልጋይ» ለብቻው ቢነገር ባልከፋ፤ «የቤት አገልጋይ» ሲባል ግን እንጀራ የምትጋግር ሠራተኛ ትታሰባለች። «አስተናጋጅ» ደግሞ ቡና ይዞ ይመጣል። ስለዚህ «ሰርቨር» በውሰት ይቆይ፤ ባለቤቱ በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚያቆመውን ደግሞ «በቤት የተተከለ አገልግሎት» እንበለው።

ነገሩ የሚወሳሰበው አገልግሎቱን ከቤት ውጭ ለመክፈት ሲሞከር ነው። በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሰነድ መሠረት ለግል መረቦች ከተለዩት መካከል ናቸው፤ አንዱን አድራሻ እጅግ ብዙ ቤቶች በአንድ ጊዜ ይይዙታል፤ ከግቢው ውጭ ግን አያደርስም። እነዚህን «የግቢ አድራሻ»፣ ከውጭ የሚታየውን «የአደባባይ አድራሻ» ብንል ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይገባል። በሁለቱ መካከል የሚሠራውን እንግሊዝኛው የአድራሻ ተርጓሚ ይለዋል፤ ለሙያችን ክብር ቢሆንም፣ ሥራው አንዱን ቁጥር በሌላ መተካት ስለሆነ «አድራሻ ለዋጭ» ይሻላል። ምሕጻሩን በፊደላችን እንዳለ መጻፍ አይመከርም፤ «ናት» የሚለው በአማርኛ ዐረፍተ ነገር መካከል ቢገባ የሚያስከትለውን ግርታ አንባቢ ይገምተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ክልል አገልግሎት ሰጪዎች ለብዙ ደንበኞች በጋራ ለሚያቆሙት ለዋጭ ተመደበ። የራውተሩ የውጭ አድራሻ በዚህ ክልል ውስጥ ከተገኘ፣ ባለቤቱ በራውተሩ ላይ በር ቢከፍትም ከውጭ የሚመጣው ጥሪ በዚያ በኩል አይደርሰውም፤ ከርሱ በላይ እርሱ የማያዝዘው ሌላ ለዋጭ አለና። መመሪያ የሚተረጕም ሰው ይህን «የጋራ አድራሻ ለዋጭ» ብሎ ካልለየው፣ አንባቢው ደኅና የሆነውን ራውተር ሲነካካ ይውላል።

የሚቀረው «ፋየርዎል» ነው። «የእሳት ግድግዳ» የሚለው ትርጉም ሁሉን የሚከለክል ነገር ያስመስለዋል፤ ሥራው ግን በደንብ እየመረመረ ከፊሉን ማሳለፍ፣ ከፊሉን ማገድ ነው። ለዚህ ነጋዴውና ጭነቱ ሲፈተሽበት የኖረው «ኬላ» አለን። ኬላው የሚያግደውን ጥሪ በሁለት መንገድ ያስተናግዳል፤ ወይ ይመልሰዋል፣ ወይ በዝምታ ይውጠዋል። የተመለሰው ጥሪ እንደ ፕሮግራሙ ሁኔታ «ውድቅ ሆነ» የሚለውን ሊያሳይ ይችላል፤ የተዋጠው «ጊዜው አለፈ» የሚለውን ያስከትላል።