መደበቂያ ያጣ የጦር ሜዳ

ስለ ድሮን ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ገዳይነቱ ነው። ይሁንና ትንሽ ድሮን የሚሸከመው ፈንጂ ከከባድ መድፍ ጥይት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። የጦርነትን መልክ የለወጠው ከመግደሉ ይልቅ ማየቱ ነው። የማጥቃት ስልት ከጥንትም ጦርን በስውር አሰባስቦ ጠላት ባልጠበቀው በኩል መምታት ነበር፤ ከላይ ሁሌ የሚመለከት ካሜራ ሲኖር ግን ስውር የሚባል ነገር አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2020 በናጎርኖ ካራባኽ በተካሄደው የ44 ቀናት ጦርነት አዘርባጃን አሮጌ አን-2 አውሮፕላኖችን ያለ አብራሪ ማባበያ አድርጋ ላከች። የአርመኖቹ አየር መከላከያ ሲተኩስባቸው ያለበትን ቦታ አጋለጠ፤ ቱርክ ሠራሽ የሆኑት ባይራክታርና እስራኤል ሠራሽ የሆኑት ሃሮፕ ድሮኖችም ለቅመው መቱት። አዘርባጃን ድል ያደረገችው አንዱ ወገን እያየ ሌላው በታወረበት ጦርነት ነው።

በዩክሬኑ ጦርነት ግን ሁለቱም ወገኖች ያያሉ፤ ውጤቱም ተገላቢጦሽ ሆነ። በጥቂት መቶ ዶላር የሚሠራ ድሮን ሚሊዮኖች የወጡበትን ታንክ ያቃጥላል። ስለዚህ ታንኮች በብዛት ተሰልፈው ከመውጣት ተቆጠቡ፣ እግረኛው ሁለትና ሦስት እየሆነ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግም ተመልሶ መጣ።

የሬዲዮ ሞገድ ማፈኛ ድሮንን ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ማፈኛው በአብራሪውና በድሮኑ መካከል ያለውን ግንኙነት በጥሶ ብዙ ድሮኖችን ጥሏል። መልሱ ግን አልዘገየም፦ ከኋላው እንደ ፀጉር የቀጠነ ፋይበር ኦፕቲክ ክር እየዘረጋ የሚበር ድሮን መጣ። ምስሉና ትእዛዙ በብርሃን መልክ በክሩ ውስጥ ስለሚያልፉ የሚታፈን ሞገድ የለም። ክሩ ርቀቱን ቢገድበውም በዚህ ድሮን ላይ አፈናን ከንቱ አድርጓል።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ የዩክሬንን የጦር ግንባር ባለበት ያቆመው ፈንጂ የተቀበረበት መሬት፣ የጥይትና የሰው እጥረት እንጂ ድሮን አይደለም የሚል ነው። እነዚህ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን የተቀበረ ፈንጂ ቀድሞም ነበር፤ መሐንዲሶች በብዙ ጦር ታጅበው መንገድ ይከፍቱበት ነበር። ዛሬ ያ ስብስብ ገና ሲነሳ ይታያል፣ ይመታልም።

እንግዲህ አንድ ዓይነት መሣሪያ በአንድ ቦታ ፈጣን ድል፣ በሌላው የተራዘመ እልቂት ካስከተለ ልዩነቱ ያለው በባላጋራው አቅም ላይ ነው። በካራባኽ ድል ተማርኮ ድሮን የሚሸምት መንግሥት ባላጋራውም ሸማች መሆኑን ከዘነጋ፣ የገዛው ካራባኽን ሳይሆን ዩክሬንን ነው።