የድሮን ባትሪ ሞልቶም ተሟጦም አይቀመጥም
ከቦሌ ለማኅበራት መጋዘን የሚሆን ትምህርት

በመኸር ወራት ጸረ አረምና ጸረ ተባይ ሲረጭ የከረመ ድሮን ሥራው ሲያበቃ ወደ መጋዘን ይገባል። ባትሪው እንደሞላ ከማዳበሪያው ክምርና ከምርጥ ዘሩ ጆንያ አጠገብ ከተቀመጠ ግን፣ ማኅበሩ በአባላቱ መዋጮ የገዛውን መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የመጪውን ዓመት ዘር ጭምር ለእሳት አደጋ አጋለጠ ማለት ነው። ስለሆነም የባትሪውን ጠባይ ማወቅ የድሮን አብራሪው ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ አመራር ኃላፊነት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአዲስ አበባ፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የታየው ነው። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ 2005 ዓ.ም. በሁለት የጃፓን አየር መንገዶች ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች ላይ የሊቲየም ባትሪዎች ከመጠን በላይ ግለው በመጨሳቸው፣ በዓለም ላይ የነበሩት 50 ያህል የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች ከበረራ ታገዱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አራት አውሮፕላኖችም ሥራ አቁመው ነበር። ከሦስት ወራት በኋላ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ናይሮቢ ያረፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ ከእገዳው በኋላ መንገደኛ ጭኖ በመብረር በዓለም የመጀመሪያው ሆነ።

በዚያ መካከል ባትሪው በሌላ ዓይነት አልተተካም። የተደረገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚሞላበት ከፍተኛ ልክ ዝቅ፣ የሚጎድልበት ዝቅተኛ ልክ ከፍ እንዲል ተደረገ። ሁለተኛ፣ በሴሎቹ መካከል ሙቀት እንዳይተላለፍ መከለያው ተጠናከረ። ሦስተኛ፣ ባትሪው ጭሱን ወደ ውጭ በሚያስወጣ የማይዝግ ብረት ሣጥን ውስጥ ገባ። ለገበሬ ማኅበርም የሚያስፈልገው ልክ መጠበቅ፣ ማራራቅና ተገቢ ማስቀመጫ ማዘጋጀት ነው።

ልክ መጠበቅ

የድሮን ባትሪ ሊቲየም ፖሊመር ይባላል። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከ3.0 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። ሞልቶ ለሳምንታት ከተቀመጠ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ እየተበላሸ ጋዝ ይፈጥራል፤ ሴሉም ያብጣል። ከመጠን በላይ ሲሟጠጥ ደግሞ በውስጡ ያለው ስስ የመዳብ ቅጠል ይሟሟል። በኋላ ሲሞላ የሟሟው መዳብ ያለቦታው ይጋገርና ሴሉን ከውስጥ ያገናኘዋል። እሳቱ ከዚያ ሊነሳ ይችላል።

ስለዚህ ከጥቂት ቀናት በላይ ሥራ የማይኖረው ባትሪ በግማሽ ገደማ፣ ማለትም በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ ሆኖ መቀመጥ ይገባዋል። ባለ 12 ሴል የሆነ የመርጫ ድሮን ባትሪ ሲሞላ 50.4 ቮልት ነው፤ ለማስቀመጥ 45.6 ቮልት ላይ መድረስ አለበት። ድሮኑም ባትሪው ከ20 እስከ 30 በመቶ ሲቀረው ቢያርፍ ይመረጣል።

የሞላውን ባትሪ ለማጉደል ቀላሉ ዘዴ ቻርጀሩ የማስቀመጫ ምድብ ካለው በዚያ መጠቀም ነው። አንዳንድ ባትሪዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሳቸውን ያጎድላሉ፤ ይህን ከመመሪያው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የራሱ መቆጣጠሪያ የሌለውን ባለ 12 ሴል ባትሪ ግን አንድ ዓይነት የሆኑ አራት ባለ 12 ቮልት የመኪና አምፑሎችን በተከታታይ አገናኝቶ ማጉደል ይቻላል። አምፑሎቹ ባለ 21 ዋት፣ ባትሪውም ባለ 16 አምፔር ሰዓት ቢሆኑ፣ ከሙሉ ወደ ግማሽ ለመውረድ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከጭድና ከነዳጅ ርቆ ይሠራል። አንድ ሰው በቮልት መለኪያ እየተከታተለ፣ ልኩ ሲደርስ ወዲያው መንቀል አለበት። የባትሪውን ሁለት ሽቦዎች በቀጥታ ማገናኘት በፍጹም ክልክል ነው።

ማራራቅና ማስቀመጫ

ባትሪዎች ተደራርበው መቀመጥ የለባቸውም። የአንዱ እሳት ለሌላው እንዳይተርፍ በመካከላቸው ክፍተት ሊኖር ይገባል። ከጎተራና ከማዳበሪያ መጋዘን የተለየ፣ ፀሐይ የማይመታው፣ አየር የሚገባበት ቦታ ይመረጥ። የብረት ሣጥን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጭስ መውጫ ይኑረው፣ ውስጡም ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ይለበድ። ቮልቱን በየወሩ ለክቶ በመዝገብ ማስፈር ብልሽቱን አስቀድሞ ያሳያል።

ባትሪ ከበረራ እንደተመለሰ በትኩሱ አይሞላም፤ ሲሞላም ያለ ጠባቂ አይተውም። ያበጠ ባትሪ ደግሞ ከሥራ ይወገዳል እንጂ አይበሳም፣ አይጫንም። እሳት ቢነሳ ጭሱ መርዛም በመሆኑ ሰውን ማራቅ ይቀድማል። ከዚያም በርቀት ሆኖ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ሙቀቱን ያበርዳል።

ባትሪ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ ለማስመጣት ለሚያስቡም ማሳሰቢያ አለ። መንገደኛ ይዞ ሊገባ የሚችለው መለዋወጫ ባትሪ ከ160 ዋት ሰዓት ሊበልጥ አይችልም፤ ከላይ የተጠቀሰው ባለ 12 ሴል ባትሪ ግን 710 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። በዓለም አቀፍ ደንብ ከመጋቢት 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለብቻው የተጫነ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን ዕቃ ጭነት ውስጥ አይገባም። በጭነት አውሮፕላን ሲላክም ሙላቱ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ሞልቶ አለመንቀሳቀሱ በሰማይም የታመነበት ጥንቃቄ ነው።

በመሆኑም እያንዳንዱ ማኅበር ባትሪ የሚለካና የሚመዘግብ አንድ ኃላፊ ሊመድብ፣ የመርጨት ሥራው ባበቃ በዚያው ሳምንት ባትሪዎቹ በልካቸው ጎድለው ከእህሉ ተለይተው መቀመጣቸውን ሊያረጋግጥ ይገባል። ወጪው አንድ የቮልት መለኪያና ጥቂት ትዕግሥት ነው፤ የሚያድነው ግን የአንድ ዓመት ዘርን ነው።