ስብራት የሚመስለው የጉልበት ሎሚ

የቢቸናና የሞጣ ዳገት ቁልቁለት ጉልበትን ይፈትናል። ወድቆ ጉልበቱን ያመመው ተማሪ ራጅ ተነሥቶ የጉልበቱ ሎሚ ለሁለት ተከፍሎ ቢታይ ግን፣ ተሰብሯል ብለን ለመፍረድ አንቸኩል። ሎሚው በልጅነት ከልም አጥንት ወደ አጥንት ሲለወጥ፣ በ12 ዓመት ገደማ የሚጠነክረው የላይኛው ውጫዊ ጥግ ከዋናው ሳይዋሐድ ሊቀር ይችላልና። ይህ ከ100 ሰዎች በ2ቱ ገደማ ይገኛል፤ አብዛኞቹም አይታመሙም። ሩጫ ሲበዛ ወይም ምት ሲደርስበት ግን መጋጠሚያው ይቆጣል።

የወጌሻ እጅ ምንም ቢሠለጥን ይህንን ከስብራት አይለይም። በራጅ ላይ የአዲስ ስብራት ጠርዝ የሾለና ሸካራ ሲሆን፣ ያልተዋሐደው አጥንት ጠርዝ የለሰለሰና ክብ ነው። ብዙ ጊዜ በሁለቱም እግር ስለሚኖር ጤነኛውን ጉልበት ራጅ ማንሣትም ይረዳል፤ ያኛው ሙሉ ሆኖ መገኘቱ ግን ብቻውን ስብራትን አያረጋግጥም። ስብራት አለመሆኑ ከታወቀ፣ ለብዙዎቹ ለጥቂት ሳምንታት ከሩጫና ከዝላይ ማረፍ ይበቃቸዋል።