ያገለገለ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከመግዛት በፊት

በቅሎ የሚገዛ ሰው የጸጉሯን ማማር ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቈጥርም። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ዕድሜዋ የሚታወቀው በጥርሷ ነውና። ያገለገለ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለመግዛት የሚዞር ወጣት ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው ቀለሙን፥ የወንበሩን ቆዳና የመስተዋቱን ስፋት ነው። የዚህ መኪና ጥርስ ባትሪው መሆኑን ገዢው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ተገልጧል። ከዚያ ወዲህ መኪና የመግዛት አሳብ ያለው ወጣት ሁሉ ይህን ጉዳይ ማሰቡ አልቀረም። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ሰው በዕቁብ ያገኘውን ወይም ከባንክ የተበደረውን ገንዘብ ይዞ ሲወጣ፥ ዐቅሙ የሚፈቅድለት አዲሱን ሳይሆን ሌላ ሰው የነዳውን መኪና ይሆናል። ያ ገንዘብ ለጐጆ መውጫ የታሰበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዚህን መኪና ጠባይና ወጪ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት ወደድን።

በመጀመሪያ መልካሙን እንናገር። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ ማርሚታ የለውም፤ የሞተር ዘይትና ፊልትሮም በየጊዜው አያስለውጥም። በአንድ መቶ ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የሚፈጅ መኪና በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ፥ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 180 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንባቢው የመብራት ሂሳቡን ደረሰኝ አውጥቶ ቢያሰላ ከቤንዚን ጋር ያለውን ልዩነት ራሱ ይደርስበታል። ዳሩ ግን በአገራችን የመብራት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቍጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ስለሚል፥ ስሌቱ መኪናው ከመግባቱ በፊት በሚከፈለው ዝቅተኛ ዋጋ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።

አሁን ወደ ባትሪው እንመለስ። የሊቲየም ባትሪ መኪናው ቢነዳም ባይነዳም ቀስ በቀስ ይደክማል። ድካሙን የሚያፋጥኑት ሙቀት፥ ሞልቶ ለረጅም ጊዜ መቆምና ፈጣን አሞላልን ማዘውተር ናቸው። ስለዚህ በቆጣሪው ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር ማነስ ብቻውን የመኪናውን ደኅንነት አያረጋግጥም።

ለዚህ ጥሩ ትምህርት የሚሆነው የኒሳን ሊፍ ታሪክ ነው። ይህ የጃፓን መኪና ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ነው። የመጀመሪያው ባትሪ 24 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሲሆን፥ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚያስኬደው 117 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ግን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሪዞና ግዛት፥ በፊኒክስ ከተማ ሙቀት ውስጥ የሚነዱ ሰዎች የባትሪያቸው ዐቅም ከተጠበቀው ጊዜ በፊት ወረደ ብለው አቤቱታ አሰሙ። ፋብሪካውም፥ ከ12ቱ የዐቅም መስመሮች መካከል በ5 ዓመት ወይም በ60,000 ማይል ውስጥ ከ9 በታች የወረደውን ባትሪ ለማደስ ወይም ለመለወጥ ዋስትና ሰጠ። እንግዲህ 117 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና ከዐቅሙ 30 በመቶ ቢያጣ የሚቀረው 82 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለቢሮና ለቤት ይበቃል፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ለመድረስ ግን ልብን ያንጠለጥላል።

አዲስ አበባ ደጋ ስለ ሆነች ለባትሪ ትመቻለች። ነገር ግን መኪናው እዚህ ከመድረሱ በፊት በገልፍ አገሮች ፀሐይ ከርሞ እንደ ሆነ የዛሬው ነፋሻ አየር ያለፈውን ጉዳት አይመልስለትም። ስለዚህ የመጣበትን አገር መጠየቅ ተገቢ ነው።

እንዴት ይመርመር? ከመኪናው የመመርመሪያ ሶኬት ጋር በሚገናኝ መሣሪያ የባትሪው ቀሪ ዐቅም በመቶኛ ሊነበብ ይችላል፤ የሴሎቹም ቮልት መራራቅ ይታያል። በመስኮቱ ላይ የሚታየውን መስመር ብቻ ማመን አይገባም፤ በአንዳንድ መኪና ጠቋሚውን እንደ አዲስ በማስጀመር ደካማውን ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ብርቱ አስመስሎ ማሳየት ይቻላልና። ከሁሉ የሚሻለው መኪናውን ሞልቶ፥ ዳገቱንም ቍልቍለቱንም እየነዱ፥ በየ10 በመቶው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ መመዝገብ ነው።

ቀጥሎ መኪናውን አስነሥቶ ከሥር ማየት ያስፈልጋል። ትልቁ ባትሪ የተዘረጋው ከወለሉ በታች ነውና፥ በድንጋይ ወይም በፍጥነት መቀነሻ ላይ ተመትቶ እንዳይሆን ይመረመራል። የመኪናው ክብደትና የሞተሩ ጉልበት ጎማን ቶሎ ይጨርሳል። ፍሬኑ በተቃራኒው ብዙ ስለማይሠራ ዲስኩ ሊዝግ ይችላል። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪም አትናቅ፤ እርሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ሳለ መኪናው አይነሣም።

የመሙያው ሶኬትም ሌላ ጉዳይ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራው፥ ለአውሮፓ የተሠራውና የቆየው የጃፓን መኪና በፈጣን መሙያ ሶኬታቸው ይለያያሉ። ገዢው በሚመላለስበት መንገድ ያለው መሙያ ለመኪናው የሚስማማ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። በቤት ውስጥ በ220 ቮልትና በ10 አምፔር ሶኬት የሚገኘው ኃይል 2.2 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ በዚህ 60 ኪሎዋት ሰዓት ያለውን ባዶ ባትሪ መሙላት ከአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በላይ ይወስዳል። የቤቱ ሽቦ ያረጀ ከሆነም ለመኪናው የራሱን መስመር ማስዘርጋት ግዴታ ነው፤ ይህም ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚደመር ወጪ ነው።

ከባዱ ወጪ ባትሪውን መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ገበያ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አማካይ ዋጋ ለፋብሪካዎች 115 ዶላር ያህል ነበር። በዚህ ሂሳብ 40 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ባትሪ 4,600 ዶላር ይሆናል፤ የነጋዴው ትርፍ፥ ማጓጓዣው፥ ቀረጡና የባለሙያው ዋጋ ገና ሳይጨመር ማለት ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ መውጣቱን ስናስብ፥ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ለደመወዝተኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባናል። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዳሩ ግን ዋስትናው ብዙ ጊዜ የሚሠራው መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ነው። የሻጩን ቃል ሳይሆን ጽሑፉን ማየት ይገባል።

ይህን ሁሉ ማለታችን ወጣቱን ለማስፈራራት አይደለም። ጤነኛ ባትሪ ያለው ያገለገለ መኪና ብዙ ዓመት በጥቂት ወጪ ያገለግላል። አንድ ሴል ወይም አንድ ክፍል ብቻ ሲበላሽ ሙሉውን ሳይጥሉ ያንኑ የሚለውጡ ባለሙያዎችም አሉ። እኛ የምንመክረው ገዢው ባትሪውን አስመርምሮ ውጤቱን በጽሑፍ እንዲቀበል፥ ከቀጠሮው በፊት ዋጋ እንዳይቈርጥ፥ ከገዛም በኋላ ከቤንዚን የተረፈውን ገንዘብ በየወሩ ለባትሪው እያለ ለብቻው እንዲያስቀምጥ ነው። ሻጩ መኪናውን ለማስመርመር እንቢ ካለ ደግሞ ያ እንቢታ ራሱ ምርመራ ነውና፥ ገንዘብን በኪስ ይዞ በሰላም ወደ ቤት መመለስ ይሻላል።