የያሽቺላንን ጉበኖች ቀና ብሎ ማየት

ፍሮንቴራ ኮሮሳል በደቡብ ሜክሲኮ፣ በቺያፓስ ግዛት የምትገኝ የጠረፍ ከተማ ናት። ራሷ ጥንታዊ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቾል ማያ ሰፋሪዎች በኡሱማሲንታ ወንዝ ዳር የቆረቆሯት ናት። ከወንዙ ማዶ ጓቲማላ ነው። እንግዳ የሚመጣባት ይበልጡን ያሽቺላን የተባለውን የማያ ከተማ ፍርስራሽ ለማየት ነው። ወደዚያ የመኪና መንገድ ስለሌለ ከዚህ በሞተር ጀልባ ቁልቁል ይወረዳል።

መንገድ አለመኖሩ ለጎብኚ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ። ወንዙ ያሽቺላን ሲደርስ እንደ ፈረስ ኮቴ ይታጠፋል፤ ከተማው የተሠራው በእጥፋቱ ውስጥ ነው። በጀልባ የመጣ ሰው ነገሥታቱ ቦታውን ለምን እንደመረጡ ወዲያው ይገባዋል፤ ውሃው ከተማቸውን ከሞላ ጎደል ከቦ ይጠብቃል፣ በወንዙ የሚያልፈውም ሁሉ በዓይናቸው ሥር ነው። ዛሬ ሁለት አገር የሚለየው ውሃ ያኔ ዋና መንገድ ነበር። ተቀናቃኛቸው ፒየድራስ ኔግራስም ያለው በዚሁ ወንዝ ዳር፣ ዝቅ ብሎ ነው።

ያሽቺላን ሲገቡ ቀና ማለት ያስፈልጋል፤ ምርጦቹ ቅርጾች ያሉት በበሮቹ ጉበን ሥር ነውና። 24ኛው ጉበን ላይ ንጉሥ ሣልሳዊ ኢትሳምናህ ባህላም ትልቅ ችቦ ይዞ ቆሟል። ንግሥት ካባል ሾክ ተንበርክካ እሾህ የተሰካበት ገመድ በምላሷ ውስጥ ትስባለች፤ ደሟ ለአማልክት የሚቀርብ መሥዋዕት ነው። ጠራቢው የቀሚሷን የሽመና ጥለት ሳይቀር በድንጋይ ላይ አውጥቶታል። በላዩ የተጻፈው ቀን በ709 ላይ ይውላል። ይህን ጉበን ግን እዚያ አያገኙትም፤ እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሞድስሊ በ1882 ቦታውን ከጎበኘ በኋላ ወደ ለንደን ተወስዶ፣ የመቅደላ ታቦቶች ባሉበት በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

በቅርጾቹ ላይ ያሉት የማያ ጽሑፎች ለረጅም ጊዜ ስለ ከዋክብትና ስለ ቀን አቆጣጠር ብቻ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። የነገሥታት ታሪክ መሆናቸውን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያሳየችው ተመራማሪዋ ታቲያና ፕሮስኩሪያኮፍ ናት። የእሷን ፈለግ ተከትለን ስናነብ የዙፋን ጭንቀት ይታየናል። ሣልሳዊ ኢትሳምናህ ባህላም በ742 ሲሞት ልጁ ራብዓዊ ወፍ ጃጓር የነገሠው በ752 ነው፤ በመካከሉ አሥር ዓመት አለ። ልጁ የካባል ሾክ ሳይሆን የሌላ ሚስት ልጅ ነበር። እናቱን በክብር ማስቀረጹን፣ የማረካቸውን ሰዎች ደጋግሞ ማሳየቱን ብዙ ተመራማሪዎች ሥልጣኑን ሕጋዊ ለማድረግ የተደረገ አድርገው ያዩታል። እኔም አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ይህን ጭንቀት በዓይን ለማየት፣ ጊዜ ቢያጥርም ቀጥ ያለውን ደረጃ ወጥቶ 33ኛው ሕንፃ መድረስ ይገባል። የዚህ ሕንፃ ጉበኖች ዛሬም በቦታቸው ናቸው። በአንደኛው ላይ ወፍ ጃጓር ገና ሕፃን ከሆነው ልጁ ጋር ቆሟል፤ ሁለቱም ወፍ ያለበት የመስቀል ቅርጽ በትር ይዘዋል። አባትየው ወራሹን በሕይወት ሳለ ለሕዝብ አሳይቷል፤ ልጁም በተራው ነገሠ።